ከውጭ አገር የመጣችው አክስትና ጓደኛዋ

ሻምበል ወታደር ሆና አታውቅም። ጠብመንጃ ቀርቶ የአይጥ ወጥመድ እንኳ አጥምዳ አታውቅም። ስሙን ያወጡላት የሴቶቹ ዋርድ ታካሚዎች ናቸው፤ ጠዋት በሩን ከፍታ ስትገባ «ተነሺ! ታጠቢ! አልጋሽን አንጥፊ! አንቺ ደግሞ ምን ይጎልትሻል?» እያለች ስለምትዘልቅ። ስሙ ከዋርዱ ወደ ወጥ ቤቱ፣ ከወጥ ቤቱ ወደ ዘበኞቹ፣ ከዘበኞቹ ወደ ዋና ሐኪሙ ደረሰ። ዋና ሐኪሙም በሩ ላይ ቆሞ፣ አንድ እግሩን እንኳ ወደ ውስጥ ሳያስገባ፣ «ሻምበል፣ ያቺ ልጅ ዛሬ በላች?» ይላታል። «በላች። እርስዎን ብታይ ኖሮ ግን የበላችውም አይረጋላትም ነበር» ትለዋለች። እሱ ይስቃል፤ ቀልድ መስሎታል።

ሥራዋ የአእምሮ ሕሙማን ረዳት ነው። ይህን የሰማ ሁሉ ከንፈሩን ይመጥጣል። ከንፈር መምጠጥ አያደክም፣ እጅ አያቆሽሽም፣ ሸሚዝ አያስቀድድም፤ ስለዚህ ሁሉም ይችልበታል። ሥራው ግን ሌላ ነው። ማጠብ ነው፣ ማልበስ ነው፣ አልበላም ያለችውን ለምኖ ማጉረስ፣ የምትጮኸውን ዝም ማሰኘት፣ ዝም ያለችውን ደግሞ ማናገር። ከሁሉም በላይ ግን ኪኒን ነው። ነርሷ ኪኒኑን ሰጥታ ትሄዳለች፤ ኪኒኑ ሆድ መግባቱን የምታየው ሻምበል ናት። ምላስ ሥር የሚደብቁ አሉ፣ ጉንጭና ድድ መሐል የሚሸጉጡ አሉ፣ ውጠው ሽንት ቤት ገብተው የሚያስመልሱም አሉ። ስለዚህ እያንዳንዷ ከዋጠች በኋላ ሻምበል ፊት ትቆማለች። «አፍ ክፈቺ። ምላስ ወደ ላይ። ወደ ግራ። ወደ ቀኝ። ጎበዝ፣ ሂጂ።» ይህን ስንት ዓመት እንዳለችው እሷም አታውቀውም። በእንቅልፏ ትለዋለች ብሎ ባሏ ይሳደብ ነበር።

ባሏን አነሳን እንግዲህ። እሱ እብደት ይጋባል ብሎ የሚያምን ሰው ነበር። «ከእብድ ጋር ውላ ከምትመጣ ሴት ጋር አንድ አልጋ ላይ አልተኛም» ብሎ አንድ ቀን እቃውን ጠቅልሎ ወጣ። እቃውን ስል የሷንም ጨምሮ ነው፤ ራዲዮኑን አልረሳም፣ ብርድ ልብሱን አልረሳም። እብደቱ የሚጋባው በሷ ብቻ እንጂ በብርድ ልብሷ አልነበረም መሰለኝ። ሻምበል አላለቀሰችም። «ጠያቂ ሆኖ ቢመጣ ኖሮ ከበር እመልሰው ነበር፤ ራሱ ወጣልኝ» አለች።

ጠያቂ! እሱን ነገር አታንሱባት። በዚህ ምድር ላይ ሻምበል ከልቧ የምትንቀው ፍጡር ቢኖር ጠያቂ ነው። የሚመጣው ጠያቂ መሐረብ አፍንጫው ላይ አድርጎ ይመጣል፣ ወንበሩን ጠርጎ ጫፉ ላይ ይቀመጣል፣ ስለ ትራፊኩ ያወራል፣ ብርቱካኑን አስቀምጦ ይሮጣል። የማይመጣው ደግሞ ከሩቅ ሆኖ በስልክ «እንዴት ናት? እኛማ አንጀታችን እያረረ ነው» ይላል። «አንጀትዎ ሲያር እዚህ ድረስ ይሸተናል» ብላ ዘግታበት የተወቀሰች ጊዜ አለ።

ከማይመጡት ሁሉ ደግሞ የልብስ ሰፊዋ ወንድም አውራ ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ጸጥ ያለች፣ አንገተ ረጅም ሴት ናት። ድሮ የራሷ ሱቅ ነበራት። አንድ ክረምት እንቅልፍ እምቢ አላት፤ ከዚያ ድምፅ መስማት ጀመረች፤ ከዚያ የደንበኞቿን ልብስ በሙሉ በመቀስ ተረተረችው። ወንድሟ አምጥቶ አስገባት። ታከመች፣ ዳነች። ዋና ሐኪሙ ራሱ «መድኃኒቷን ቤቷ ሆና መውሰድ ትችላለች» ካለ ቆይቷል። ማን ይውሰዳት? ወንድሟ መጀመሪያ «ቤት እያሠራን ነው» አለ። ቤቱ አለቀ። «ልጆቹ ፈተና ላይ ናቸው» አለ። ልጆቹ ፈተናውን ጨርሰው ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ እሱ ምክንያቱን አልጨረሰም። በመጨረሻ ስልኩን ማንሳት ተወ። ልብስ ሰፊዋም የዋርዱን መጋረጃና የትራስ ልብስ ሁሉ እየሰፋች ተቀመጠች። ሻምበል ጠዋት መርፌ ትሰጣታለች፣ ማታ ትቀበላታለች።

«ወንድም ጋሼ ሥራ በዝቶበት ነው» ትላለች ልብስ ሰፊዋ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች።

«አዎ፣ አገሪቱን ተሸክሟት ነው» ትላለች ሻምበል።

ወንድም ጋሼ ለካ ለሰው ሁሉ «እህቴ ውጭ አገር ናት» ብሎ አውርቶላታል። ይህን የተረዱት እሱ ራሱ አንድ ቀን መሐረቡን አፍንጫው ላይ ጭኖ ብቅ ሲል ነው። ጉድ እኮ ነው! ድሮ በስልክ «አንቺ ሴትዮ» ይላት የነበረው ሰውዬ አሁን «እርስዎ ነዎት ሻምበል? ስለ እርስዎ ብዙ ሰምቻለሁ» አላት። ሻምበል እርስዎ ስትባል ወዲያው ኪሷን ዳሰሰች፤ ሊወስድባት የመጣው ነገር ምን ይሆን ብላ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመጀመሪያ ልጁ ልታገባ ነው፤ ሙሽራው የትልቅ ሰው ልጅ ነው። የሙሽራው እናት ደግሞ «ውጭ ያለችውን አክስት እኮ በፎቶ እንኳ አላየናትም» ማለት አብዝተዋል። ሰፈር ውስጥም «እነሱ ቤት እብድ እህት አለች» የሚል ወሬ ሽው ብሏል። ስለዚህ ሁለቱ ቤተሰብ በሚተዋወቁበት ምሳ ላይ አክስት ትገኝ። በሁለት እግሯ ትቁም፣ ትሳቅ፣ ትብላ፣ ከዚያ «በረራዬ ደረሰ» ትበል። ደንቡ ደግሞ ታካሚ በቀን ፈቃድ ስትወጣ የዋርድ ሰው ይከተላት ይላል፤ ሻምበልም የአክስት ጓደኛ ሆና፣ እሷም ከውጭ መጥታ፣ አብራ ትሄዳለች።

«ቲያትር ልሠራ ነው?» አለች ሻምበል።

ሰውዬው ወደ እህቱ ዞረ። ድምፁ ማር ሆነ። «እህት ዓለም፣ ይህ ነገር በሰላም ይለፍልኝ እንጂ ጓሮ ያለችው ክፍል ያንቺ ናት። ማሽንሽን አስገባልሻለሁ። ከዚያ በኋላ ማን ይነካሻል?»

ልብስ ሰፊዋ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካችው። «ማሽኑን መስኮቱ ሥር ነው የማደርገው» አለች። «ብርሃኑ በግራ ይመጣልኛል።» ሻምበል እምቢ ልትል አፏን ከፍታ ነበር፤ የሴትዮዋን ፊት አየችና ዘጋችው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ልብስ ሰፊዋ ሌላ ወሬ አልነበራትም። ክፍሏን በአየር ላይ ዘረጋቻት፤ አልጋው እዚህ፣ ማሽኑ እዚያ፣ የደንበኛ ወንበር በሩ አጠገብ። ወንድሟ በሻንጣ የላከውን የውጭ አገር ቀሚስ በልኳ አጥብባ ሰፋችው። ለሻምበል የመጣው ኮት ግን ወገቡ አልደርስ አለ። «ውጭ አገር ሰው አይወፍርም እንዴ?» አለች ሻምበል ቁልፉን ለመቆለፍ ትንፋሿን ውጣ። ዋርዱ በሙሉ ተሰብስቦ አያቸው፤ አንዷ ታካሚ «ስትመለሱ ቸኮሌት» ብላ አዘዘች። እብዶቹም ነገሩ ገብቷቸዋል ማለት ነው።

ቤቱ የትልቅ ሰው ቤት ነው፤ ማለት ሶፋው ትልቅ፣ ቴሌቪዥኑ ትልቅ፣ በሩ ትልቅ። የወንድሟ ሚስት ልብስ ሰፊዋን በሩ ላይ ስታቅፋት ጡቷን እንኳ አላስነካቻትም፤ በክርኗ ነው ያቀፈቻት። «ክፍሏን ልያት?» አለች ልብስ ሰፊዋ በሹክሹክታ። «አሁን? እንግዳ ቁጭ ብሎ? በኋላ!» አለቻት የወንድሟ ሚስት፣ ጥርሷን ለእንግዶቹ እያሳየች።

የሙሽራው እናት ከማዕዱ ራስ ተቀምጠዋል። ሽቶ፣ ዕንቁ፣ ለስለስ ያለ ድምፅ።

«እንኳን በደህና መጡልን። ኑሮው እዚያ እንዴት ነው?»

ልብስ ሰፊዋ መዋሸት አይሆንላትም። ሻምበልን አየቻት፣ ከዚያ ያላትን እውነት ተናገረች። «ደህና ነው። በሰዓት እንነሳለን፣ በሰዓት እንበላለን፣ በሰዓት እንተኛለን።»

«እሱስ ልክ ነው፣ ሰዓት ላይ ቀልድ የለም እዚያ» አሉ የሙሽራው አባት።

«ጎረቤትስ ያስለምዳል?»

«ሁሉም ለየራሱ ነው የሚያወራው። የሌላውን የሚሰማ የለም።»

«አይ ውጭ አገር!» ተባለ ማዕዱ ዙሪያ። ሻምበል ሳቋን በናፕኪን ያዘችው። ኡኡ አያሰኝም? እነዚህ ሰዎች እኮ የተማሩ ናቸው የሚባሉት።

«ዘመድስ አይጠይቃችሁም?» አሉ የሙሽራው እናት።

«መንገዱ ይርቃቸዋል» አለች ልብስ ሰፊዋ። ወንድም ጋሼ ሳል ያዘው።

ሻምበል እጇን ልትታጠብ ተነሳች። የሥራ ልማድ ሆኖባት የገባችበትን ቤት በር ሁሉ ካላየች አይሆንላትም፤ የት ይወጣል፣ የት ይገባል፣ ከበሩ ኋላ ማን አለ። በወጥ ቤቱ በኩል ወደ ጓሮ ወጣች። ክፍል የለም። ሲሚንቶ የፈሰሰበት ወለል አለ፣ ላዩ ላይ ቆርቆሮ፣ ሥሩ ወንድም ጋሼ ይዟቸው የመጣው መኪና። ግድግዳው ላይ የፈረሰው ክፍል ቀለም ገና አልተላጠም፤ የመስኮቱም ቦታ በጡብ ተደፍኖ ይታያል።

«እዚህ ጋ ክፍል አልነበረም እንዴ?» አለች ሰሐን የምታጥበዋን ሠራተኛ።

«ኧረ እሱማ ከፈረሰ ቆየ! እኔ ስቀጠር ፈርሷል። መኪናው ፀሐይ መታው ብለው እኮ ነው።»

መኪናው ፀሐይ መታው! ሻምበል ደሟ ፈላ። ሰው ሲዋሽ አይታለች፤ በቀን ስንቴ ትዋሻለች፣ ስንቴም ይዋሿታል፤ ታካሚ ሲዋሽ ግን በሽታው ነው ትላለህ። ይሄ ጤነኛ ነው! ሐኪም የማያውቀው፣ ክራቫት ያሰረ፣ ልጅ የሚድር ጤነኛ! ተመልሳ ወንበሯ ላይ ስትቀመጥ የሚባለውን አትሰማም ነበር። ልቧ ጓሮ ቀርቷል። ሰውዬውን በሐሳቧ ኮሌታውን ይዛ ያንን ሲሚንቶ ታስልሰው ነበር።

የቀን ኪኒን ሰዓት ደረሰ። ልብስ ሰፊዋ በተነገራት መሠረት ከቦርሳዋ አወጣች፤ የወንድሟ ሚስት «ቫይታሚን ናት፣ እዚያ ሁሉም ይወስዳል» ብላ ማንም ሳይጠይቃት አስረዳች፤ ልብስ ሰፊዋ በውሃ አወራረደችው። እስከዚህ ድረስ ሁሉ ሰላም ነው።

ሻምበል ወደ እሷ ዞረች። ሐሳቧ አሁንም ጓሮ ነው፤ አፏ ግን ሥራ ላይ ነበር።

«አፍ ክፈቺ» አለች፣ ዋርዱ ድረስ በሚሰማ ድምፅ።

ልብስ ሰፊዋ ከፈተች።

«ምላስ ወደ ላይ። ወደ ግራ። ወደ ቀኝ። ጎበዝ።»

ልብስ ሰፊዋ ምላሷን አነሳች፣ ወደ ግራ አደረገች፣ ወደ ቀኝ አደረገች፣ አፏን ገጠመች። ሁለቱም ምን እንዳደረጉ የገባቸው ከዚያ በኋላ ነው። ማዕዱ ክው አለ። ማንኪያ የያዘ ማንኪያውን እንደያዘ ቀረ። የወንድም ጋሼ ፊት አመድ መሰለ። ሻምበል ምላሷን ልትነክሰው ፈለገች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የናቀችው ሰው እሷው ራሷ ሆነች።

ያን ጊዜ የሙሽራው እናት ሳቁ። ትንሽ ቸኮል ያለ ሳቅ ነው።

«እውነታቸውን ነው እኮ!» አሉ። «ቫይታሚን ጥርስ ውስጥ ከቀረ ጥርስ ይጨርሳል። የእኔም የጥርስ ሐኪም እንዲሁ ነው የሚያደርገኝ። ይልቅ ስለ አበባው እናውራ፤ ነጭ ነው ወይስ ቀይ?»

ሁሉም ትንፋሹን ለቀቀ። ነጭ ይሁን ቀይ እየተባለ ክርክሩ ጦፈ። የትልቅ ሰው ቤት ጥቅሙ ይሄ ነው፤ እሳት ቢነሳ እንኳ ስለ መጋረጃው ቀለም ማውራት ይቻላል።

ሻምበል ፊቷን ውሃ ልታስነካ ወደ መታጠቢያው ሄደች። ሽቶው ከኋላዋ ተከትሏት ገባ። የሙሽራው እናት በሩን በእጃቸው ገጠም አደረጉት።

«የወንዶቹን ዋርድ ታውቂዋለሽ?»

ሻምበል በመስተዋቱ ውስጥ አየቻቸው።

«ረጅም ነው» አሉ ሴትዮዋ። «ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው። የበኩር ልጄ ነው።»

ታውቀዋለች። ሜዳው ላይ አግዳሚው ጫፍ ተቀምጦ ወደ በሩ የሚያየው ነው። የሙሽራው ታላቅ ወንድም መሆኑ ነው እንግዲህ። «እሱንስ የት አገር ላካችሁት?» አለች ሻምበል።

ሴትዮዋ ወደ በሩ ዞር ብለው አዩ። «ትምህርት ላይ ነው ብለናል። ደህና ነው? ይበላል?»

«ይምጡና ይዩት።»

«ባለቤቴ… ሰው ቢያየኝ… አይመቸኝም እህቴ። አንቺ ብቻ ለማንም እንዳትነግሪ። እኔም ዛሬ ያየሁትን አልናገርም፤ ልጆቹ ይጋቡ።»

ሻምበል እጇን አደረቀች። ለዚህች ሴት ማዘን ይገባት ነበር፤ እናት ናት። አላዘነችላትም። ሁለት ቤት ሙሉ ሰው ተሰብስቦ፣ አንዱ እህቱን አንዷ ልጇን ቀብረው፣ በመሐላቸው አበባ ይመርጣሉ። «ይጋቡ» አለች። «ይመጣጠናሉ።»

ምሳው በመሳሳም አለቀ። ምንም የተበላሸ ነገር አልነበረም፤ እንዲያውም የሙሽራው እናት ልብስ ሰፊዋን ሁለቴ ነው የሳሟት። ወንድም ጋሼ ግን ይህን ከየት ያውቃል? ቢያውቅስ ይተወው ነበር? እጁ ላይ ምክንያት ወድቆለት! መኪናው ውስጥ ገና ከመግባታቸው በሻምበል ላይ ጮኸ። እርስዎው ጠፍቷል።

«አንቺ ሴትዮ፣ አየሽ ያደረግሽውን? አዋረድሽኝ! ክፍሏን ልሰጣት ቁልፉን አዘጋጅቼ ነበር። አሁን በምን አፌ ነው እዚህ ቤት የማስገባት? ሰው ምን ይላል?»

ልብስ ሰፊዋ ከኋላ፣ ክፍሏን በወሰደባት መኪና ውስጥ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣ ነበር። ሻምበል መልሱ ጉሮሮዋ ላይ ደርሷል። ቁልፍ? የምን ቁልፍ? የመኪናውን ነው? ይህን ብቻ ብትል ሰውዬው ቆሌው ይገፈፍ ነበር፤ እሷም ንጹሕ ሆና ትወጣ ነበር። በመኪናው መስተዋት ውስጥ የልብስ ሰፊዋን ፊት አየች። ያቺ ሴት ከዚህ ሰውዬ በቀር ዘመድ የላትም። አይረባም፣ ግን ወንድም ጋሼ የምትለው እሱኑ ነው። ሻምበል በሕይወቷ ያላደረገችውን አደረገች፤ ስድቧን ዋጠች።

ሆስፒታሉ በር ላይ እንዳይታይ ማዞሪያው ጋ አወረዳቸውና ሄደ። ሁለቱ ሴቶች በአጥሩ ሥር መራመድ ጀመሩ። የሻምበል ኮት ቁልፉ ተበጥሶ ሆዷ ወጥቷል። ልብስ ሰፊዋ ከፊት ከፊት ትሄዳለች፤ የዋርዱ ሰው ናት ብላ አልጠበቀቻትም።

«ዝም ብትይ ኖሮ» አለች ሳትዞር፣ «ዛሬ ቤቴ አድር ነበር።»

«አዎ» አለች ሻምበል።

«በአንቺ ነው።»

«በእኔ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ቆማ ዞረች፤ ከላይ እስከ ታች አየቻት። ሻምበል ጠያቂዎችን የምታየው እንዲሁ ነው። ንቀቱ አልጎደለውም።

«ሰው መስለሽኝ ነበር» አለች። «አንቺ ግን እዚያው ውስጥ ያለሽ ነሽ። መውጣትም አትችዪም።»

የአጥሩ በር ጋ ደረሱ። ዘበኛው ሰንሰለቱን እየፈታ ሳለ ልብስ ሰፊዋ ቀሚሷን አቃናች፣ አንገቷን ቀና አደረገች።

«ለነገሩ ታናሿ ልጁም ደርሳለች» አለች። «እሷ ስታገባ ይጠራኛል። ያኔ አንቺ አትመጪም።»

«አልመጣም» አለች ሻምበል።